ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ይድረስ ለወንድሜ ለኤቨረት፣

እንደምን ሰነበትክ? ትከሻህስ እንዴት ነው? የመርከብ ገመድ የጎዳው ጅማት ብርድ ሲመጣ እንደሚነሣብህ ጆሊን ነግራኛለች። ባለቤትህስ እሷ ደህና ናት? ኮልቢ የፊት ጥርሱን አበቀለ ወይስ አሁንም ሲስቅ ዋሻ ነው? ትንሿ ሬኔስ ዳዴ ላይ ናት ወይስ ቆማ ሄደች? ባሕሩስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ወገብ ከዚህ በላይ ምን ይሁን። አባባም አለ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳደባል። ልጄ ቴሳም ደህና ናት። እንዴት ለጥቂት እንደተረፈች ግን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ትጠይቅ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ «አየሩ እንዴት ነው?» ብዬህ ዘጋሁት። አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይኸው፣ ልጆቹ ከክፍል እስኪወጡ አውቶብሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ እጽፍልሃለሁ።

የግቢያችንን ሕግ መቼም አልረሳኸውም። ከታችኛው በር እስከ ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ክላክስ ሳያደርግ ወደ ላይ የሚነዳ ሰው የኛ ሰው አይደለም። ላንተ አንድ ረጅም፣ ለኔ ሁለት ረጅም፣ ለቴሳ ሦስት አጭር፣ ለእማማ ደግሞ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም። እማማ የሞተች ጊዜ አንተ ባሕር ላይ ነበርክ፤ የደረስከውም ከቀብር በኋላ ነው፤ ከዚያም አንድ ነገር ደብቀንሃል። ልቧ የቆመው እዚያው በሩ ላይ ነው። ሁለቱን አጭር አደረገች፣ ረጅሙን ጀመረች፣ ረጅሙ ግን አላቆመም። አባባ በረንዳው ላይ ቆሞ «ምን ሆነች ይቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ አገሩን ልታደነቁር ነው?» እያለ ይስቅ ነበር። ወርዶ ሲያያት ግንባሯ ክላክሱ ላይ ነው። በዚያው ዕለት የፒካፗን ባትሪ ነቅሎ ጣለው፤ መኪናዋም ይኸው ሦስት ዓመት ጎተራው ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማለች።

ከዘንድሮ ጁላይ ጀምሮ ታዲያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠብቆ እማማን በስሟ እየጠራ «ማክሲን መጣች» ማለት ጀመረ። እርጅና ብቻህን ና ይባላል፤ ብቻውን መጥቶ አያውቅም እንጂ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለን። ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ስሜን ይረሳል፣ ጠመንጃ ማጉረስን ግን አይረሳም። አንድ ጠዋት ብደርስ ትልቁ ጠመንጃ ከነጥይቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ ተጋድሟል። ቁምሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነው። «ማን አወጣው?» አልኩት። «እናትሽ ናት፤ ዘይት ያስፈልገዋል ብላ» አለኝ። ሳየው እውነትም ዘይት ተቀብቷል። መቀባቱስ ይቀባ፤ የተወለወለበት ጨርቅ ግን የእማማ ሰማያዊ ሽርጥ ነበር። እኔ ያንን ሽርጥ ከሷ ጋር በሣጥኑ አስገብቼ ቀብሬዋለሁ ብዬ ነበር የማምነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ያን ቀን ግን አውቶብሱን ስነዳ ሁለት ልጆች ሳልጭን አልፌ ተመለስኩ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ስብሰባው መጣ። ከተራራው ማዶ በግዛታችን ዋና ከተማ ያሉት ሰዎች አዲስ ሕግ አወጡ፤ ጠመንጃ ሁሉ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ለራሱም ለሰውም የሚያሰጋ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ቤተሰቡ ለዳኛ አመልክቶ መሣሪያው ይወሰድ የሚል። የኛ ወረዳ በበኩሉ «ጠመንጃችንን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጠብቆልናል፤ የግዛቱ ሕግ እዚህ አይሠራም» ብሎ ሊወስን ጥጃ በምንሸጥበት አዳራሽ ሰበሰበን። የቆመው ሰው ከተቀመጠው ይበልጣል።

ቀድማ የተነሣችው ግሌንዳ ናት፤ ያቺ አገጭህን የሰፋችው ነርስ። «እኔም ቤት ጠመንጃ አለ፤ ማንም እንዳይሰብከኝ» አለች። «ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሰው ፊት ላይ አንሶላ ስቤያለሁ። አራቱንም የገደላቸው ሌባ አይደለም፤ የገዛ እጃቸው ነው። ሕገ መንግሥቱ መብት ሰጠን፤ እሰይ። ቁልፍ አትግዙ ብሎናል እንዴ?»

«ቁልፍ ካማረሽ ለአፍሽ ግዢ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለኔ አፍ የሚሆን ቁልፍ ገና አልተሠራም፤ ባሌን ጠይቀው!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ አባባ ተነሣ። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ። «ልጆቼ፣ ሕገ መንግሥቱ የውጭው አጥር ነው» አለ። «ግዛቱ በአጥሩ ውስጥ ጎመንም ይትከል ድንች፤ አጥሩን መነቅነቅ ግን አይችልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ዛሬ ቆልፈው ይሉሃል፤ ነገ ቁልፉን አሳየኝ ይሉሃል፤ ከነገ ወዲያ ቁልፉ እኛ ጋ ይቀመጥ ይሉሃል። መብት ማለት የወደዱህ ቀን የሚሰጡህ፣ የጠሉህ ቀን የሚነሡህ ከሆነ መብት አይደለም፤ ጉርሻ ነው።»

ጎረቤታችን ዊልበር መቼም ዝም ማለት አያውቅም። «ጋሽ ኦርቪል፣ የፌዴራል ሰዎች ስለ ግጦሹ መሬት የመጡ ጊዜ ግን ‹እኛ የምናውቀው ግዛታችንን ነው› ብለው ሲያባርሯቸው በዐይኔ አይቻለሁ!» አለ።

«ያኔ ነገሩ ሣር ነበራ!» አለ አባባ። ኤቨረት፣ ሳቁን ብትሰማው! እኔ ራሴ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ኮራሁበትም፤ አልዋሽህም። ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይህ ሰው ነው ወይ አልኩ።

ሳቁ ሲበርድ «ይህን የምለው ብቻዬን እንዳይመስላችሁ» አለ። «ማክሲንን ጠይቋት። ይቻት፣ እዚህ ተቀምጣለች።» በእጁ ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያለውን ወንበር አሳየ። እስከዚያ ድረስ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ስንት ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ ያ ወንበር ባዶውን ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችውም ሴት፣ ለሰው ቦታ እንደምትለቅ ሁሉ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ፈቀቅ ብላለች። ማንም አልሳቀም። ዊልበር ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ሌላው አወለቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ሰብሳቢው በለሆሳስ «በቃ፣ ድምፅ እንስጥ» አለ፤ እጅ ሁሉ ወጣ። ያላወጣችው ግሌንዳ ብቻ ናት። እኔም አውጥቻለሁ። አትቆጣኝ። በዚያ ዝምታ መሃል፣ ያን ወንበር እያየሁ፣ የአባቴን ቃል ለመቃወም ወኔ አጣሁ።

በማግስቱ ሸሪፍ ሀሊስ ቢሮ ሄጄ «እባክህ ጠመንጃዎቹን ከአባቴ ቤት አውጣልኝ» አልኩት።

«በየትኛው ሕግ?» አለኝ።

«በግዛቱ ሕግ ነዋ።»

«ትናንት እጅሽን አይቼዋለሁ፣ ሎርና» አለኝ። በቁሜ ውሃ ሆንኩ። እሱም አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳኛው ቢፈርምስ ወረቀቱን ማን ያደርስለታል? እኔን መተኮስ ያስተማረኝ ጋሽ ኦርቪል ነው። ሁለት ፖሊሶቼን ብልክበት ይተኩሳል፤ እነሱም ይተኩሳሉ። እንደዚያ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» አልፈልግም አልኩ። «እንግዲያው በቤተሰብ ጨርሱት» አለና ቡናውን አነሣ። ዋሽንግተንና የግዛቱ ዋና ከተማ ይከራከራሉ፤ መሃል ላይ የቀረችው አንዲት አውቶብስ ነጂ ናት። ያምላክ ያለህ! ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ምነው ባጠገቤ በነበርክ አልኩ።

ስብሰባው በአባባም ላይ አንድ ነገር ጥሎበት ሄደ። «የግዛቱ ሰዎች ሊወስዱብኝ ይመጣሉ» እያለ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በረንዳው ላይ መዋል ጀመረ።

ኖቬምበር 6፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቴሳ በቅርቡ በገዛቻት አሮጌ ሰማያዊ መኪና አስቤዛ ጭና ቀደመችኝ። እኔ ከበሩ ወረድ ብሎ ዋናው መንገድ ላይ ያለውን የፖስታ ሣጥን ልይ ብዬ ቀረሁ። በሩ ላይ ቆማ ሦስት አጭር አደረገች፤ ሕጉን አልጣሰችም። ግን የመኪናዋ ክላክስ ቀጭን ነው፤ ፉጨት ይመስላል። አባባ ደግሞ የመኪኖቻችንን ድምፅ እንደ ላሞቹ ለይቶ ነው የሚያውቀው። ምልክቱ የኛ፣ ድምፁ የባዳ ሆነበት። «ምልክታችንን ሰረቁን!» ብሎ ሲጮህ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ ተኮሰ።

የመኪናዋ የጎን መስታወት በረረ። ቴሳ ወንበሩ ሥር ወድቃ ተጠቀለለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኤቨረት። ፈረስ ላይ ያወጣት፣ ዓሣ ማጥመድ ያስተማራት እሱ ነው። እንደገና ሲያነጣጥር አየሁት። ሮጬ አልደርስ፤ ብጮህ አይሰማኝ። እንዴት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቅ፣ የፒካፔን ክላክስ ተጫንኩት፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከሦስት ዓመት ወዲህ በዚያ በር ያንን ምልክት ያሰማ ሰው የለም። ረጅሙን ከተጫንኩ በኋላ እጄን ማንሣት አቃተኝ፤ የእማማ ግንባር ነው ፊቴ ድቅን ያለው።

አባባ ባለበት ደርቆ ቆመ። ከዚያ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ፣ ጥይቱን አወጣ፣ ጠመንጃውን የበረንዳው አጥር ላይ አስደገፈው። ቴሳን ከኋላዬ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ። ፊቴን ብዙ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ «እንኪ» አለኝ። «እናትሽ ቤት ውስጥ መሣሪያ ሲበዛ አትወድም።» ያለውን ሁሉ ሰብስቤ ጫንኩና በቀጥታ ወደ ግሌንዳ ነዳሁ፤ አሁን ምድር ቤቷ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

«በግዛቱ ሕግ እኮ መሣሪያ እኔ ጋ ማስቀመጡም ወረቀት ሳያስፈልገው አይቀርም» አለችኝ።

«በኛ ወረዳ ያ ሕግ የለም፤ እኔው በእጄ ሽሬዋለሁ» አልኳት። ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን አለቀስን።

አለቀ ያልከው ነገር ግን አያልቅም። በዚያው ምሽት አባባ አልቀመጥ አለ። «ክላክስ አድርጋ የት ቀረች?» እያለ መሳቢያውን ሁሉ ይገለብጣል፣ ቁልፉን ይፈልጋል። ቢቸግረኝ ሰኞ አውቶብሱን መልሼ ስመጣ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ በሩ ላይ ቆሜ ሁለት አጭር አንድ ረጅም አደረግሁ። ስገባ ሹካውን ይዞ ተቀምጧል፤ በላ፣ ተኛ። ከዚያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እናቴን እየመሰልኩ አባቴን አታለልኩት፤ ማታለሉ ግን ያስተኛው ነበር። ዊልበር ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በየቀኑ ይሰማኛል። አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ ባርኔጣውን ብቻ ያወልቃል።

አሁን የምጽፍልህን ካነበብክ በኋላ እህቴ አበደች በል፤ መብትህ ነው። ሐሙስ የምስጋና ቀን ነበር። ቴሳ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም ብላ ግሌንዳ ጋ ቀረች። እኔ ከአባባ ጋር ነኝ፤ የበዓሉ ትልቅ ዶሮ፣ ተርኪዋ፣ ምድጃ ውስጥ ናት፤ ፒካፔ በረንዳው ሥር ቆማለች፤ ቁልፏ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ደርሷልና ወደ በሩ ልወርድ እጄን እየጠራረግሁ ነበር። ያኔ ከታች ተሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

የኔ መኪና ድምፅ አይደለም፤ የቴሳም አይደለም። ሻካራው የእማማ ፒካፕ ክላክስ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሳል እንደያዘው ሰው እክ የሚለው። በጓሮው መስኮት ወደ ጎተራው አየሁ፤ በሩ ከነሰንሰለቱ እንደተዘጋ ነው።

አባባ ሳቀ። «ይቺኛዋ እሷ ናት» አለ። «የሌላው ቀን ሁሉ አንቺ ነበርሽ።»

«አባባ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?»

«የማክሲንን ክላክስ ካንቺ ግልገል መኪና መለየት ሊያቅተኝ ነው?»

«ታዲያ የዚያን ቀን ቁልፉን ለምን ሰጠኸኝ?»

ዐይኑ እንደ አዳራሹ ቀን ጥርት ብሎ ነበር። «ለግዛቱ አልሰጥም። ዋሽንግተንም ስጥ ብሎ አያዘኝም» አለ። «ልጄ በሞተች እናቷ ድምፅ ስትለምነኝ ግን፣ የምትፈሪው እኔን መሆኑ ገባኝ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት መሣሪያ ያስቀመጥኩት አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነበር።»

ረጅሙ አሁንም አላቆመም። አባባ ባርኔጣውን አደረገና ባዶ እጁን ወረደ። በመስኮቱ አየሁት። በሩን ከፈተ፤ መኪና እንደሚያሳልፍ ሰው ወደ ጎን ቆመ፤ መልሶ ዘጋው፤ ሰንሰለቱን አሠረ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ የተከፈተ የመኪና መስኮት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣ። በረንዳው ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ገብቶ «ሦስት ሰሀን አድርጊ» አለኝ። አደረግሁ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሰማም። እኔም ወደ በሩ መውረዴን ትቻለሁ። ቁልፍም ጠመንጃም ጠይቆ አያውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። አንድ ነገር ብቻ ይለኛል፤ «ያቺ ልጅ በየቀኑ መጥታ ሦስት አጭር ታድርግልኝ፤ ድምፁን ልልመደው።» ለቴሳ ነገርኳት። አለቀሰች እንጂ እሺ አላለችም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው፣ የገና በዓል ሳያልፍ ና። ጠመንጃዎቹን አባባ «ለኤቨረት ይሁኑ፤ ግን ቆልፎ ያስቀምጣቸው» ብሏል። ቆልፎ አለ እኮ! ለግሌንዳ ስነግራት ወንበር ያዘች። ከጠመንጃው ይልቅ ግን ስለ ቴሳ ብለህ ና፤ አንተ እጇን ይዘህ ካላስገባኻት በቀር እኔን አትሰማኝም። እሱም ፊቷን የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ አልቀረውም።

ለጆሊን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ ትንሽ ቢያጠበኝም ጥፋቱ የኔ ሆድ ነው። ኮልቢን ጥርስ የሌለበትን ቦታ ሳምልኝ። ሬኔን አክስትሽ የአውቶብስ መሪ ታስይዝሻለች በላት። ዊልበር ሰላም ብሎሃል፤ የወሰድክበትን መጋዝ እንዳልረሳው ንገሪው ብሏል። ግሌንዳም ሰላም ብላሃለች። አባባ ደግሞ እንዳስታወሰህ ቀን «ያ ዓሣ አጥማጅ ልጄ» ይልሃል፤ በሌላው ቀን እኔ እነግረዋለሁ።

ስትመጣ በሩ ላይ ቆመህ አንድ ረጅምህን አድርግ፤ የተከራየኸው መኪና ድምፅ ባዳ ቢሆንም አትፍራ፣ እኔ በረንዳው ላይ እቆማለሁ። ቤት ስትገባ የፈለግህበት ተቀመጥ። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ብቻ ተወው፤ ሰው አለበት።

እህትህ ሎርና

ሳንድ ሆሎው፣ ምሥራቅ ኦሪገን
ኖቬምበር 29 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.